ከአውድማ እስከ ደረሰኝ፦ የግምት ግብር ታሪክና የዛሬው ተቋራጭ

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሐምሌ በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ቲቸር፣ የተጣለብኝ ግብር ከሠራሁት ይበልጣል፤ እንዴት ነው የሚሆነው?» «ቲቸር፣ ሥራውን ጨርሼ ሒሳቤን ስቀበል ከላዩ ላይ ቆረጡብኝ፤ ይሄ ሕግ ነው ወይስ ልማድ?» ጠያቂዎቹ ሴራሚክ የሚያነጥፉ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ፣ ቀለም የሚቀቡ፣ ቧንቧ የሚገጥሙ፣ አልሙኒየም የሚሠሩ፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ዲዛይን የሚያወጡ ልጆች ናቸው። ቀጣሪ የላቸውም። ሥራ ቆርጠው ይይዛሉ፣ ሠርተው ያስረክባሉ፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄዳሉ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የእኔ ግብር ደመወዜ እጄ ሳይገባ ተቆርጦ ይሄዳል፤ ክርክር የለ፣ ግምት የለ። እነሱ ግን እንደዚያ አይደሉም። ስለዚህ በማውቀው በኩል፣ በታሪክ በኩል ልመልስላቸው። ጥያቄው እኮ አዲስ አይደለም። ቅድመ አያቶቻችን አውድማ ላይ ቆመው ጠይቀውታል፣ ጎጃም ላይ ጠመንጃ አንስተው ጠይቀውታል፣ በ2009 ዓ.ም. ሱቅ ዘግተው ጠይቀውታል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ በአገራችን ታሪክ ግብር ከፋዩን ሲያንገበግብ የኖረው የግብሩ መጠን ብቻ አይደለም። ገቢውን የሚቆጥርለት ሌላ ሰው መሆኑም ጭምር ነው። የራሱን ገቢ በራሱ መዝገብ ያልቆጠረ ሰው በሌላ ሰው ግምት ይኖራል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

■ ግብር ማብላትና ግብር መክፈል

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። በአማርኛ «ግብር» ሁለት ፊት አለው። ሕዝቡ ለንጉሡ የሚያስገባው ግብር ይባላል፤ ንጉሡ አዳራሽ ከፍቶ ሠራዊቱንና መኳንንቱን የሚያበላውም ግብር ይባላል። ከገበሬው ጎተራ የወጣው ጤፍ፣ ከቀፎው የተቆረጠው ማር፣ በአንድ ቃል ስም ወደ ቤተ መንግሥት ይገባና በዚያው ስም እንጀራና ጠጅ ሆኖ ይወጣል። ከፋዩ «ገባር» ነው።

ለብዙ ዘመን ግብር የሚከፈለው በዓይነት ነበር። እህል ያለው በእህል፣ ንብ ያለው በማር፣ ከብት ያለው በሙክትና በቅቤ፣ ሸማኔው በሸማ፣ በጨው ንግድ መንገድ ላይ ያለው በአሞሌ። ምንም የሌለው በጉልበቱ፤ የባለ ጉልቱን እርሻ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሸክም ይሸከማል። ይህን ሁሉ የግብር ዓይነት ለማየት የሚፈልግ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዝክረ ነገር» ያገላብጥ። የመሬቱ፣ የግብሩና የአገልግሎቱ ስም ብዛት ብቻውን ያስደንቃል።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሥርዓት ገባሩ ደረሰኝ የለውም። መክፈሉን የሚመሰክርለት የጭቃ ሹሙ አንደበት ነው። ሹሙ ሲቀየር ምስክሩም ይቀየራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው።

■ ገማቹ እስኪመጣ

ከክፉ ቀን ማግስት፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ አፄ ምኒልክ ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ ቀለብ እንዳይበላ፣ በምትኩ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ እጅ አሥራት እንዲያስገባ አወጁ። ሐሳቡ ለገበሬው እፎይታ ነበር። ወታደር ቤቱ ገብቶ የፈለገውን ከሚበላበት፣ ከአሥር አንዱ ታውቆ ቢሄድለት ይሻለዋል። ቁጥሩ ራሱ ግልጽ ነው፤ ከአሥር አንድ።

ችግሩ ያለው «አሥሩ ስንት ነው?» ላይ ነው። የገበሬው ምርት ስንት ቁና፣ ስንት ዳውላ እንደሆነ ማን ይናገራል? እዚህ ላይ ገማቹ ይመጣል። ገበሬው አጭዶ፣ ከምሮ፣ ወቅቶ እህሉን አውድማ ላይ ያደርጋል። ገማቹ ሳያየው ግን ወደ ጎተራ ማስገባት አይችልም። ገማቹ እስኪመጣ ዝናብ ይመጣል፣ ወፍ ይመጣል፣ አይጥ ይመጣል። ገማቹ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ መስተንግዶ ይፈልጋል። በደንብ የተስተናገደ ገማች ዓይኑ ይለዝባል፤ ያልተስተናገደ ዓይኑ ይሰፋል። አሥር ዳውላ የነበረው አሥራ አምስት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ገበሬው «አይደለም» ቢል በእጁ የያዘው ማስረጃ የለም። ያለው መሐላው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙና አስቡ። ሕጉ ከአሥር አንድ አለ። ገበሬው በተግባር የከፈለው ግን ከሰባት አንድም ሊሆን ይችላል፤ መጣኔው ሳይነካ ግምቱ ብቻ ስላደገ። ዛሬም ብዙ ሰው ስለ ግብር ሲያወራ «ስንት በመቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ከምን ላይ?» የሚለው ግን ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው።

የነጋዴውም ኑሮ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ አንዱን ኬላ ከፍሎ ያለፈ ሌላው ጋ ይቆማል። ገበያውን የሚያስተዳድረውና ቀረጡን የሚሰበስበው ነጋድራስ ነው። ከነጋድራሶቹ መሐል ግን አንድ የተለየ ሰው ነበር፤ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቷል። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፉ ካነሳቸው የማሻሻያ ሐሳቦች አንዱ ሕዝቡ የሚከፍለው ግብር ልኩ ታውቆ በሥርዓት እንዲሆን ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ቀረጥ ሰብሳቢው ራሱ የቀረጡን ሥርዓት መተቸቱ ነው ሁልጊዜ የሚገርመኝ።

■ ወደ ገንዘብ፣ ወደ ሠንጠረዥ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ግብሩን ወደ ገንዘብ ቀየረ። በ1934 ዓ.ም. መሬት በሦስት ተከፈለ፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። ለአንድ ጋሻ (ወደ 40 ሄክታር ገደማ) ለሙ 15፣ ለም ጠፉ 10፣ ጠፉ 5 ብር ተጣለበት። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱም በገንዘብ እንዲተካ ታወጀ። ወረቀቱ ላይ ገማቹ ከአውድማው ተሰናበተ። በተግባር ግን ብዙ ባለመሬቶች ለመንግሥት በገንዘብ እየከፈሉ ከጭሰኛው አሥራቱን በእህል መቀበላቸውን ቀጠሉ።

ለዛሬው ነገራችን የሚቀርበው በ1936 ዓ.ም. የወጣው የግለሰብና የንግድ ግብር አዋጅ ነው። ደመወዝተኛውና ነጋዴው ከመሬት ውጭ በሚያገኙት ገቢ ግብር ከፋይ ሆኑ። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 173) ደግሞ ገቢን በሠንጠረዥ ለየው፤ ደመወዝ ለብቻ፣ ኪራይ ለብቻ፣ ንግድ ለብቻ። እኛ ዛሬ «ሠንጠረዥ ሀ፣ ለ፣ ሐ» የምንለው አከፋፈል ሥሩ እዚያ ነው።

ይህ አከፋፈል ሁለት ዓይነት ዜጋ ፈጠረ። ደመወዝተኛው ቀጣሪው ይቆጥርለታል፣ ቀጣሪው ይቆርጥለታል፣ ቀጣሪው ያስገባለታል። ለራሱ የሚሠራው ሰው ግን ቆጣሪም፣ ከፋይም፣ ማስረጃ ጠባቂም ራሱ ነው። ካልቆጠረ የሚተካው ማን ነው? ያው ገማቹ።

■ ጎጃም፣ 1960

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ደረጃ ዘመናዊ ሕግ ነበር፤ አሥራትን ያስቀራል፣ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል። ነገር ግን የገበሬውን ገቢ ለማወቅ እንደገና ገማች ኮሚቴ ወደ ገጠር መላክ ነበረበት።

የጎጃም ገበሬ አልተቀበለውም። ሞጣና ቢቸና አካባቢ የተነሳው እምቢታ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተዛመተ። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። «ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ ርስቴን ይለካል፤ ርስቴን የለካ ይነጥቀኛል» ብሎ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ከአስተዳደሩ ጋር የተጠራቀመ ብሶትም ነበረው። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፣ ሰው ሞተ፣ መንደር ተቃጠለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎች «ግብሩ በጣም ብዙ ስለነበረ ነው አይደል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ጥያቄውን እመልስላቸዋለሁ፦ ገማቹን የማታምኑት ከሆነ ስንት ቢሆን ነው «ትንሽ ነው» የምትሉት? እምነት በሌለበት ትንሹም ግብር ዘረፋ ይመስላል።

■ ከ1994 እስከ የቀን ገቢ ግምት

ደርግን አልፌ ወደ ቅርቡ ልምጣ። በ1994 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ (ቁጥር 286) እንደገና ተጻፈ፤ በዚያው ዓመት የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ያው ቫት የምንለው፣ 15 በመቶ ሆኖ ታወጀ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ያው ቲን፣ የሁሉ ነገር መግቢያ በር ሆነ። በ1995 የመጣው የተርን ኦቨር ታክስ ደግሞ ለተቋራጮች፣ ለወፍጮ ቤቶች፣ ለትራክተርና ለኮምባይነር አገልግሎት 2 በመቶ፣ ለሌላ አገልግሎት 10 በመቶ አለ። እንግዲህ «እኔ ተቋራጭ ነኝ ወይስ አገልግሎት ሰጪ?» የሚለው ጥያቄ የአምስት እጥፍ ልዩነት ነበረው ማለት ነው። በ1999 የወጣ ደንብ ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አመጣ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ብሎኬት የሚያመርት፣ ቧንቧ የሚዘረጋ፣ ኤሌክትሪክ የሚስብ ወጣት በጥቃቅንና አነስተኛ እየተደራጀ ሥራ ያዘ። ከተሞቻችን በሰብ ኮንትራት የሚኖር ሰፊ የሠራተኛ ክፍል አፈሩ። ይህ ሰው ሠራተኛ ነው እንዳይባል አሠሪ የለውም፤ ነጋዴ ነው እንዳይባል ሱቅ የለውም። ያለው መሮ፣ መዶሻ፣ ስልክና የሰው እምነት ነው።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 979) ግብር ከፋዩን በሦስት ደረጃ መደበ። ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው «ለ»፣ ከ500 ሺህ በታች «ሐ»። የመጨረሻው መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ የሚከፍለው በቁርጥ ነበር። መዝገብ ከሌለ ቁርጡ ከየት ይመጣል? ከግምት።

በ2009 ዓ.ም. ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ጠየቁ። ሐምሌ ላይ ውጤቱ ሲለጠፍ አዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሰው ደነገጠ። «በቀን ይህን ያህል ባገኝ እዚህ እገኝ ነበር?» የማይል አልነበረም። ሱቆች ተዘጉ፣ የቅሬታ ሰልፉ ረዘመ። መንግሥት በበኩሉ ግምቱ ለዓመታት ሳይከለስ መቆየቱን፣ ኢኮኖሚው ማደጉን፣ ነጋዴው እውነተኛ ገቢውን እንደማይናገር ያስረዳ ነበር። ሁለቱም ወገን የተወሰነ እውነት ነበረው። መሐል ላይ የጠፋው ሁለቱም የሚያምኑት ወረቀት ነው። አውድማው ሱቅ ሆነ እንጂ ታሪኩ ያው ነው።

■ የዛሬው ተቋራጭ አደጋው የት ነው?

አሁን ወደ እናንተ ወደ ልጆቹ ልምጣ። ከተማሪዎቼ አንዱ አንድ ሕንፃ ላይ የሴራሚክ ሥራ በ180,000 ብር ቆርጦ ያዘ። ለሠራተኛና ለትራንስፖርት 140,000 ያወጣል፣ 40,000 ይተርፈኛል ብሎ አስቦ ነበር። ሥራው አለቀ፣ ክፍያ ላይ «ቲን አምጣ» ተባለ። የለውም። ከፋዩ ድርጅት 30 በመቶ፣ 54,000 ብር ቆረጠ። ልጁ ትርፉ ሄዶ 14,000 ብር ከኪሱ ጨምሮ ሠራተኞቹን ከፈለ። «ዘረፉኝ» ብሎ ነው የነገረኝ። ሕጉን ስናየው ግን የተባለው ነገር አለ፦ የ2008ቱ አዋጅ ቲን ከማያቀርብ ሰው ላይ 30 በመቶ ይቆረጥ ይላል። ቲን ቢኖረው ኖሮ የሚቆረጠው 2 በመቶ፣ 3,600 ብር ብቻ ነበር። ያውም ዓመቱ ሲያልቅ ከሚከፍለው ግብር ላይ የሚቀነስለት ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቲን ማውጣት ስንት ይፈጅበት ነበር? ግማሽ ቀን።

ይህ የመጀመሪያው አደጋ ነው። ሌሎቹን በአጭር በአጭሩ ልዘርዝር።

ሁለተኛ፣ ዊዝሆልዲንግ ተቆርጦባችሁ ደረሰኙን ሳትቀበሉ መሄድ። የተቆረጠው ገንዘብ የእናንተ ነው፤ በስማችሁ የተከፈለ ግብር ነው። ወረቀቱ ከሌለ ግን እንደገባሩ በሹም አንደበት ነው የምትኖሩት። ቆራጩ ድርጅት ገንዘቡን ያስገባው አያስገባው በምን ታውቃላችሁ?

ሦስተኛና ትልቁ፣ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ። አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ቫቱን ለጊዜው እንተወው። በዓመት 3,000,000 ብር የሠራ ተቋራጭ አለ እንበል። ለዕቃ 2,000,000፣ ለሠራተኛ 600,000፣ ለሌላው ወጪ 100,000 አወጣ። እውነተኛ ትርፉ 300,000 ነው። በ2008ቱ አዋጅ የግለሰብ መጣኔ ግብሩ 87,000 ብር ይሆናል። አሁን ዕቃውን በሙሉ «ያለ ደረሰኝ ይርከስላችሁ» ካለ ነጋዴ ገዝቷል እንበል። ኦዲተሩ 2,000,000ውን ወጪ አይቀበለውም። በወረቀት ላይ ትርፉ 2,300,000 ይሆናል። ግብሩስ? 787,000 ብር! ከእውነተኛ ትርፉ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ። ሰውየው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ትርፍ ግብር ይከፍላል። ከቅጣቱ በፊት ነው ይህ። ያ ነጋዴ የቀነሰላችሁን ጥቂት በመቶ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይሄ ነው።

አራተኛ፣ ይህንን ጉድጓድ ለመድፈን የሐሰት ደረሰኝ መግዛት። እባካችሁ፣ እባካችሁ! ወጪ ሳይኖር የተቆረጠ ደረሰኝ ነገሩን ከቅጣት ወደ ወንጀል ያሻግረዋል። እስር ቤት የሚያስገባ ነው። የሸጠላችሁ ሰው ሲያዝ መዝገቡ ላይ የእናንተ ቲን አለ።

አምስተኛ፣ ራሳችሁ ደረሰኝ አለመቁረጥ። በ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 983) ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ሳይሰጥ ቢገኝ ለእያንዳንዱ ግብይት 50,000 ብር እንዲቀጣ ተደንግጎ ነበር። ለአምስት ሺህ ብር ጥገና 50,000 ብር።

ስድስተኛ፣ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ ሲቆም ዝም ማለት። ዱባይ የሄደ አለ፣ ተቀጥሮ የገባ አለ፣ ታሞ የተኛ አለ። መዝገቡ ግን ይህን አያውቅም፤ በመዝገቡ ላይ ሰውየው እየሠራ ነው፣ አላሳወቀም፣ አልከፈለም። ዘግይቶ መክፈል በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ይጨምራል። ከዓመታት በኋላ ክሊራንስ ስትጠይቁ ውዝፉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ያኔ ደግሞ የሚምር ንጉሠ ነገሥት የለም።

ሰባተኛ፣ ይሄ ደግሞ የአሠሪዎች ብልጠት ነው። በየቀኑ በሰዓት የምትገባ፣ በአለቃ የምትታዘዝ፣ በእነሱ ዕቃ የምትሠራ ሆነህ ሳለ «የኮንትራት ባለሙያ ነህ፤ ፈቃድ አውጣና ደረሰኝ እየቆረጥክ ተቀበል» የሚሉ አሉ። አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮውን ገላገለው፤ ግብር የማስታወቁ፣ መዝገብ የመያዙ፣ የመቀጣቱ ጣጣ በሙሉ ወደ አንተ ዞረ። ተቋራጭነት ነጻነት ነው፤ ግን ነጻነቱ ሳይኖር ጣጣውን ብቻ አትሸከሙ። ከመፈረማችሁ በፊት «ጡረታዬን ማን ይከፍላል? ብታመም ማን ይከፍለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቁጥሮቹ እንደሚለወጡም አትርሱ። በ2017 መጨረሻ የወጣው ማሻሻያ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አወረዳቸው፤ ድንበሩንም 2 ሚሊዮን ብር አደረገው። ዊዝሆልዲንጉም ከ2 ወደ 3 በመቶ ወጣ። ስለዚህ ጎረቤት በነገራችሁ የድሮ ቁጥር አትኑሩ፤ በየዓመቱ ሐምሌ ሳይገባ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የዓመቱን ጠይቁ።

■ የመንግሥትም ዕዳ አለ

ይህን ሁሉ ለእናንተ ብቻ ነግሬ ብተወው ታሪክን ማጉደል ይሆናል። እኔ የማስተምርበት ክፍል፣ የምቀበለው ደመወዝ፣ እናንተ የተማራችሁበት መጽሐፍ ከግብር የመጣ ነው። ግብር መክፈል አለብን፤ ይሄ አያከራክርም። ነገር ግን ታሪካችን ለሰብሳቢውም ትምህርት አለው። ግምት ሲያስፈልግ እንኳ ገማቹ በምን ሒሳብ እንደደረሰበት ማስረዳት አለበት። በ1880ዎቹ አሥራት ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ያበላሸው አውድማው ላይ የሆነው ነው። በ1960 ሕጉ ዘመናዊ ነበር፤ ያፈረሰው እምነት ማጣት ነው። ግብር ከፋዩ ሲጠይቅ የሚቆጣ ቢሮ ያንኑ ታሪክ እየደገመ ነው።

እናንተም መብታችሁን እወቁት። የግብር ውሳኔ ሲደርሳችሁ ካልተስማማችሁ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ ማቅረብ ትችላላችሁ። 21 ቀን አጭር ነው። ብዙ ሰው ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ፣ ለዘመድ አዋይቶ፣ ተናዶ፣ አልቅሶ፣ ቀኑን ያሳልፈዋል። ከዚያ በኋላ እውነት ይዞም ቢሆን በሩ ይዘጋበታል። ደብዳቤ የደረሳችሁን ቀን ጻፉ፤ በማግሥቱ መልስ ማዘጋጀት ጀምሩ።

■ ደረሰኝ

አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ለእኔ ደረሰኝ» ማለት ነው፤ የተቀባዩ ምስክርነት። ገንዘቡ መድረሱን የተቀበለው ሰው ራሱ በፊርማው ይመሰክራል። የአውድማው ገበሬ ያጣው ይህንን አንድ ቃል ነው። አሥራቱን ከፍሎ «ደረሰኝ» የሚለው አጥቶ ስንቱ ሁለቴ ከፈለ!

እናንተ ግን መጻፍ ትችላላችሁ፤ ተምራችኋል። ስለዚህ ከነገ ጀምራችሁ አንድ ደብተር ግዙ። በግራ ገጽ የተቀበላችሁትን፣ በቀኝ ገጽ ያወጣችሁትን፣ በየቀኑ ማታ ማታ። እያንዳንዱን ደረሰኝ ቀኑ ሳያልፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የማሽን ወረቀት በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ዋናውን በፌስታል ሳይሆን በፋይል አስቀምጡ። ሕጉ ሰነድ ለዓመታት ጠብቁ ይላል። የቻላችሁትን ክፍያ ሁሉ በባንክ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት እያነሳችሁ ለግብር በሌላ ሒሳብ አስቀምጡ፤ ሐምሌ ላይ ከምጣድ እንደተነሳ እንጀራ ትኩስ ገንዘብ ከየትም አይመጣም።

ይህን ያደረገ ሰው ግብር አይቀርለትም። ገማቹ ሲመጣ ግን የሚያሳየው ይኖረዋል።

በሒሳብ ሙያና በግብር ቢሮ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከሥር ጨምሩበት፤ የአዲሱን ማሻሻያ ዝርዝር በቀላል አማርኛ ብትጽፉልን ብዙ ሰው ይጠቀማል። ሰብ ኮንትራት የሚሠራ ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት ያላችሁም አጋሩት። መልካም የሥራ ዘመን!